ደጉ ሜትር

ትከክ ትከክ ትከክ፤ ከዚያ ዝም። የጋሽ ሜትር የስፌት መኪና ድምፅ ይኸው ስንት ዘመን አልፎት ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። መኪናዋ ዝም ካለች ደንበኛ ገብቷል ማለት ነበር። ጋሽ ሜትር ስፒሎቹን ከከንፈራቸው ነቅለው፣ ሜትሩን ከአንገታቸው ሳብ አድርገው፣ «እስቲ ቀጥ ብለህ ቁም፤ ሆድህን አትደብቀን» ይላሉ።

የወጣላቸውን ስም የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። ሜትሩን ከአንገታቸው የሚያወርዱት ሲተኙ ብቻ ነው ይባል ነበር፤ ባለቤታቸው ግን «ኧረ ሲተኙም አያወርዱትም» ብለው አርመውናል። ሱቃቸው ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ የሚቆምባት ክፍል ነበረች። በመስኮቱ ሥር መኪናዋ፣ በጥጉ የከሰል ካውያው፣ በግድግዳው ላይ ባለቤቶቻቸው የረሷቸው ሁለት ኮቶች፣ በመደርደሪያው ላይ ደግሞ ጠርዙ የወዛ ወፍራም ደብተር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወገብ፣ ደረትና ትከሻ በዚያ ደብተር ተጽፎ ይኖር ነበር።

በዚያን ጊዜ ከሰፈራችን እስከ ጤና ጣቢያው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ሰው ታሞ እስኪደርስ መንገዱ ይገድለዋል ብለን አምስት ሆነን የጤና ኮሚቴ አቋቋምን። ሊቀመንበሯ ዳቦ ጋጋሪዋ እትዬ ነበሩ፤ ሰፈሩ እትዬ ዳቦ ይላቸዋል። እኔ አስተማሪ ስለነበርኩ ጽሕፈቱ ያምርለታል ተብዬ ጸሐፊ ሆንኩ። በወር አንድ ቀን ከጤና ጣቢያው የምትመጣ ሲስተር ነበረች፤ እሷም እንዲህ ስትል አስተማረችን፦ «ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት። ይህ የሳንባ ነቀርሳ ምልክት ነው፤ የታየበትን ሰው በጊዜ ላኩልኝ። መድኃኒቱ በነጻ ነው።»

ሳሉ ይሰማል። መክሳቱ ግን በምን ይለካ? ሚዛን የለንም። የወፍጮ ቤት ሚዛን ብንጠይቅ ባለ ወፍጮው «ሰው ስመዝን ውዬ እህሉን ማን ሊመዝንልኝ ነው?» አለን።

«የጋሽ ሜትር ደብተር እያለ ሚዛን ምን ያደርጋል?» አሉ እትዬ ዳቦ። «የአምናውና የዘንድሮው ወገባችን ጎን ለጎን ተጽፎ የለም እንዴ?»

ሱቃቸው ሄደን ይህን ስንነግራቸው ጋሽ ሜትርን መርፌው ጣታቸውን ወጋቸው። «ደብተሩ እኮ… ምስጢር ነው» አሉ።

«የወገብ ምስጢር ደግሞ ምንድን ነው? ከፊት ከፊታችን እየሄደ» ብለው እትዬ ዳቦ ደብተሩን ከመደርደሪያው አወረዱት።

ሁለት ቀን ሙሉ ቁጥሮቹን ገለበጥኩ። ሰፈራችን ተአምር ነበር። የወፈረው ሁሉ ሸንቀጥ ብሏል፤ የቀጠነው ሁሉ ሞላ ብሏል። ሲስተር ዝርዝሩን አይታ መነጽሯን አወለቀችና «ውኃ የምትቀዱት ከየት ነው?» አለችን። እኛም ኮራን።

አናጢው ግን ይስል ነበር። የጋሽ ሜትር የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ሱቁም ከእሳቸው ሱቅ ፊት ለፊት። ሳሉ ሦስተኛ ሳምንቱን በያዘ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሲስተር በመጣችበት ቀን፣ ጋሽ ሜትር ሱቅ ውስጥ ይዘን አስቀመጥነው።

«ሰጋቱራ ነው» አለ እየሳለ። «ሠላሳ ዓመት የዋጥኩት ሰጋቱራ አንድ ቁም ሳጥን ይወጣዋል።»

«ሳሉ ብቻውን ይበቃኛል» አለች ሲስተር፣ የመላኪያ ወረቀቱን እየጻፈች። «ይህን ይዘህ ከሄድክ ዛሬውኑ አክታህን ይመረምሩልሃል።»

«ከስተህ አልቀሃል እኮ፣ ወንድሜ» አሉ እትዬ ዳቦ።

«ማነው የከሳው? ደብተሩ ይነበብ።»

አነበብኩ። አምና ሰማንያ ሁለት፤ ዘንድሮ ሰማንያ አራት።

«ሰማችሁ? ሁለት ጨምሬአለሁ።»

«ታዲያ የአምናው ሱሪህ ምን ሆኖ ነው የሚወልቀው?»

«ሚስቴ ስታጥብ ትጎትተዋለች። አዲሱን እዩት፣ ልክክ ነው ያለው። ይህ ሰውዬ ደግሞ» አለ ወደ ጋሽ ሜትር እያመለከተ፣ «ከሕፃንነታችን ጀምሮ ዋሽቶኝ አያውቅም። ወፍረሃል ካለኝ ወፍሬአለሁ፤ የወፈረ ሰው ሦስት ሰዓት ተጉዞ ምራቁን አይሰጥም።»

ሲስተር ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ተወችው። አስገድደን አንወስደው ነገር።

«ሰባ ሦስት» አሉ ጋሽ ሜትር፣ ቀና ሳይሉ።

«ምኑ?»

«ወገብህ። ሰማንያ አራት ያልኩህ በአፌና በደብተሩ ነው፤ ሱሪውን የቆረጥኩት በሰባ ሦስት ነው። ለዚህ ነው ልክክ ያለልህ።»

አናጢው ወገቡን በሁለት እጁ ያዘ።

«ሰው ልብስ ሊያሰፋ እንጂ ሊፈረድበት አይመጣም ብዬ ነው የኖርኩት» አሉ ጋሽ ሜትር። «ለቀጭኑ እጨምራለሁ፣ ለወፍራሙ እቀንሳለሁ፤ እውነተኛውን በጭንቅላቴ እይዛለሁ። አንተን ስለካ ግን ሜትሩ ሰባ ሦስት ላይ ሲገጥም ሳይ ፈራሁ። ፈርቼ ነው የዋሸሁህ።»

እትዬ ዳቦ ቀስ ብለው፦

«ለወፍራሙ ምን አደርጋለሁ አሉ?»

«እትዬ፣ የእርስዎን አላነሳሁም።»

«ዘጠና ስድስት ነዎት ብለውኛል።»

«ብያለሁ።»

«ስንት ነኝ?»

«ተዉት እትዬ፣ ይህ የጤና ጉዳይ አይደለም።»

«ኮሚቴው የጤና ነው፤ እኔም ሊቀመንበር ነኝ። ይናገሩ።»

ጋሽ ሜትር ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው በሁለት እጃቸው እስከ ጫፉ ዘረጉት። «ይኼ የሚያልቀው መቶ ሃምሳ ላይ ነው» አሉ። «እስከዚያ አልደረሱም፤ አይዞዎት።»

ከዚህ በኋላ ስብሰባው ስብሰባ መሆኑ ቀረ። ወሬ ሊሰሙ ደጅ የቆሙት ሁሉ የየራሳቸውን ልክ እየጠሩ ገፍተው ገቡ። እትዬ ዳቦ «የሠርጌ ቀሚስስ?» እያሉ ደብተሩን ወደ ኋላ ይገልጣሉ። እኔም የኮሚቴ ጸሐፊነቴን ረስቼ «የእኔስ ደረት፣ ጋሼ?» ብል፣ «አንተ ዝም ብለህ ጻፍ» ተባልኩ።

በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል አናጢው ተነሣ። ጓደኛውን ለረጅም ጊዜ ተመለከታቸው፤ ጋሽ ሜትርም ዓይናቸውን አላሸሹም። ከዚያ ወረቀቱን ከጠረጴዛው አነሣ፣ በአራት አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ ሰውን በትከሻው እየከፈለ፣ ደህና ዋሉም ሳይል፣ ወደ ጤና ጣቢያው በሚወስደው መንገድ በኩል ወጣ።