የስድስተኛው ቅርጫት ሰንሰለት

ነፋስ ሰንሰለቱን ባንኳኳው ቁጥር ወርቅአየሁ «አልበረደም» ትላለች። ጮክ ብላ አይደለም፤ ከጎኗ ያለ ሰው ብቻ የሚሰማው ነው። አብረዋት እንጨት የሚቆርጡት ሰዎች መጀመሪያ ዘወር እያሉ ያዩዋት ነበር። ኋላ ግን ለመዱት። ማን እንደሚጠይቃት አያውቁም።

ወርቅአየሁ የቆሰበር ሴት ናት። ከተማውን እንጅባራ የሚሉት የቢሮ ሰዎችና መኪና ረዳቶች ናቸው፤ እሷ ቆሰበር ትላለች። አባቷ ሲሞት አምስተኛ ክፍል ነበረች፤ ታናሽ ወንድሟ ደሴ ገና ጡት አልጣለም። እናቷ ገበያ ለገበያ ስትዞር የሚይዘው ስለጠፋ ደብተሯን ሰቅላ ልጁን አዘለች። ከዚያ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት የሄደችው እሱን ለማስመዝገብ ነው። ባል አግብታ ነበር፤ አልሆነም። ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ አገሩን ሲያለብሰው ግን ሥራ አገኘች። አቶ አድማሴ የሚባሉ ሰው የእርሻ መሬታቸውን በሙሉ ዲከረንስ ተከሉበት፤ ዛፉ በአራት በአምስት ዓመቱ ሲደርስ እሷ ታከስለዋለች። እንጨቱን ትከምራለች፣ ሣርና አፈር ታለብሰዋለች፣ በሥሩ ትለኩሰዋለች። ጭሱ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ሰማያዊ ሲሆን ከሰሉ ደረሰ ማለት ነው። ያኔ ቀዳዳውን ሁሉ ደፍና እስኪበርድ ትጠብቃለች። መብረዱን የምታውቀው እጇን አፈሩ ላይ አሳርፋ ነው። በእጇ ተሳስታ አታውቅም።

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት ቆሰበር ለማስተማር የመጣ አንድ ፈረንጅ ነበር። ደሴ በዚያው ትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። ፈረንጁ አቶ አድማሴን አስፈቅዶ ዛፉ ውስጥ ዘጠኝ ቅርጫት አቆመ። እያንዳንዱ ቅርጫት የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ነው፤ ከላዩ የብስክሌት ቸርኬ አለ፣ ከቸርኬው ዙሪያ ሰንሰለት ይንጠለጠላል። ጨዋታው ጠርዙ የታጠፈ የፕላስቲክ ሳህን መወርወር ነው። ሳህኑ በዛፎቹ መካከል ሄዶ ሰንሰለቱን መትቶ ቅርጫቱ ውስጥ ሲወድቅ ወደሚቀጥለው ቅርጫት ይታለፋል። ዘጠኙን በጥቂት ውርወራ የጨረሰ አሸናፊ ነው። ቦታው ትንሽ ስለሆነ ዞሮ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሕጉ አንድ ነው፤ ሳህኑ ካረፈበት ቦታ ላይ ቆመህ ነው የምትወረውር። የማይቆምበት ቦታ ከሆነ ወደ ጎን ፈቀቅ ትላለህ፣ አንድ ውርወራ ይቆጠርብሃል።

ፈረንጁ በዓመቱ አገሩ ገባ፤ ሳህኖቹን ለደሴ ተወለት። ደሴም እህቱን አስተማራት። በሥራ ቀን ጊዜ የለም፤ በየበዓሉ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይጫወቱ ነበር።

«እታለም፣ ይህ ዛፍ ምን በደለሽ?» ይላታል ሳህኗ ግንድ ሲመታ።

«መንገዱን ዘጋብኝ።»

«እሱማ ካንች በፊት ነው የቆመ። አንች ነሽ የመጣሽበት።»

ይስቃሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ አላሸነፈችውም። አዝላ ያሳደገችው ልጅ ሲያሸንፋት ደስ ይላት ነበር፤ ግን አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ እሷም ፈለገች።

ያ ቀን ጥር ሃያ አንድ፣ ሁለት ሺህ ሰባት ነው። ሐሙስ፣ አስተርእዮ ማርያም። አምስት ቅርጫት ጨርሰው ወርቅአየሁ በአንድ ውርወራ ትመራ ነበር። በስድስተኛው ላይ የደሴ ሳህን ግንድ መታና ተንሸራትቶ የከሰል ክምር ላይ አረፈ። ክምሩ የራሷ ነው። የደፈነችው ሰኞ ነበር፤ ሐሙስ ልትከፍተው አስባ በበዓሉ ምክንያት ትታዋለች። ጭስ የለውም።

«ከጎን ቆሜ ልወርውር፤ አንድ እንዳትቆጥሪብኝ» አላት።

«ሕጉን ያስተማርኸኝ አንተ ነህ። ወይ ክምሩ ላይ ውጣ፣ ወይ አንድ ይቆጠርብሃል።»

«እንዴት ያለች ስግብግብ ናት በሉ።» ሳቀ፤ ከዚያ ክምሩን አየት አደረገ። «እታለም፣ በርዷል?»

ሌላ ቀን ቢሆን ሁለት እርምጃ ሄዳ እጇን ታሳርፍ ነበር። በማርያም ቀን ከሰል መንካት ግን ሥራ ነው። ወርቅአየሁ በዓል ሽራ አታውቅም። ስለዚህ በእጇ ሳይሆን በቀን ቆጠረች፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ።

«በርዷል፣ ውጣ» አለችው።

ከክምሩ ጀርባ ፍልፈል ቆፍሮ ነበር። በዚያ ቀዳዳ ነፋስ ገብቶ ውስጡን ዳግመኛ አቀጣጥሎታል። ደሴ ወጣ፣ ሳህኑን አነሳ፣ ለመወርወር አንድ እግሩን ረገጥ ሲያደርግ አፈሩ ከሥሩ ተደረመሰ። እስከ ጭኑ ገባ። ጎትታ ያወጣችው እሷ ናት፤ መዳፏ እስከ ዛሬ እንደ ሰው መዳፍ አይደለም። ባሕር ዳር ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ቆይቶ አረፈ።

ሰው እንዴት ሆነ ብሎ ሲጠይቃት «ሮጦ ወጣበት» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ሰው የቀረውን ራሱ ሞላው፤ ድሮም ችኩል ነበር ተባለ። በለቅሶው ላይ ኮቱንና ጫማውን ሲያወጡ ሰው አላዋቂ ነውና ሳህኑንም አብሮ አወጣው። ሚስቱ ምሥራቅ «ያን ነገር ካይኔ አርቁልኝ» አለች። ወርቅአየሁ ወሰደችው። ምሥራቅ የሁለት ዓመት ልጅ፣ ናርዶስን፣ ይዛ ቀረች። ልጅቱ አፍ ፈታች፣ አደገች፣ አባቴ በምን ሞተ ብላ ጠየቀች። እናቷ «በሳህን» ብላ ትመልሳለች፤ «ከእኔና ካንች ሳህን በለጠበት።»

ዛፉ ተቆረጠ፣ እንደገና ተተከለ። ስምንቱን ቅርጫት ሰው ለብረቱ ነቅሎ ወሰደው። ስድስተኛውን የነካ የለም። አዲሱ ዛፍ በዙሪያው አድጎ ከበበው። ክምሩ የነበረበት ቦታ ግን ዛፍ አልያዘም፤ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ነፋስ ሲመጣ ሰንሰለቱ ይንኳኳል። ለሌላው ሰው ብረት ነው። ለወርቅአየሁ ያው የደሴ ድምፅ ነው፣ ሳቁን ያልጨረሰ፣ በርዷል ወይ የሚል።

ከዚያ ወዲህ በበዓል ቀን ሁሉ ክምሯን ልትነካ ትመጣለች። የንስሐ አባቷ ተቆጥተው ስግደት ሰጧት። ትሰግዳለች፤ በሚቀጥለው በዓል ደግሞ ትመጣለች።

በሁለት ሺህ አሥራ አንድ የካቲት አሥራ ስድስት፣ በኪዳነ ምሕረት ቀን፣ እንዲሁ እጇን አፈሩ ላይ አሳርፋ ተንበርክካ ነበር። ዛፉ ዳግመኛ ደርሶ ግማሹ ተቆርጧል። ነፋስ መጣ፣ ሰንሰለቱ ተንኳኳ።

«አልበረደም» አለች።

«ማንን ነው የምትይው?»

ምሥራቅ ከኋላዋ ቆማለች። ነጠላዋን ለብሳ፣ ከቤተ ክርስቲያን መምጣቷ ነው።

«ማንንም።»

«እትዬ ወርቄ፣ ሰው ሲያወራ ሰምቼ አላመንሁም ነበር። ልሰናበትሽ ነው የመጣሁ። ዳንግላ ልንገባ ነው፤ ወንድሜ ቤት ፈልጎልናል። ናርዶስም እዚያ ትማራለች።» ቅርጫቱን አየችው። «ደሞ አንድ ጊዜ ቦታውን ልየው ብዬ። የቱ ጋ ነው?»

ወርቅአየሁ ጥቁሩን መሬት አሳየቻት። ምሥራቅ ጥቂት አየችና «ለዚህ» አለች። «እንደ ሕፃን ሳህን ተከትሎ እሳት ላይ የሚወጣ ሰው ነው ያገባሁት። ልጄም ይህን ይዛ ትሄዳለች።»

ወርቅአየሁ ዝም ብትል ይህ ነገር ዳንግላ ይገባና እዚያው ይቀራል። ልጅቱም እንዲሁ ታድጋለች። ዝም ማለት ለምዳለች፤ ከባድ አልነበረም። ሰንሰለቱ እንደገና ተንኳኳ።

«አልሮጠም» አለች። «ቆሞ ጠይቆኛል። እታለም በርዷል ወይ አለኝ። በርዷል ውጣ አልሁት።»

ምሥራቅ ዞራ አየቻት።

«በዓል ነው ብዬ እጄን አላሳረፍሁም። ከጎን ልወርውር ብሎም ለምኖኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እንቢ ያልሁ። እየመራሁት ነበር።»

«በስንት?»

«በአንድ።»

«በአንድ» አለች ምሥራቅ። ተቀመጠች። «መቃብሩ ላይ ቆሜ ሰደብሁት» አለች። «በየሙት ዓመቱ። አንችም አጠገቤ ነበርሽ።»

«ነበርሁ።»

ምሥራቅ ተነሥታ ሳህኑ የት እንዳለ ጠየቀች። ወርቅአየሁ ከምሳ ቋጠሮዋ ውስጥ አወጣችው፤ ቀይ ነው፣ ይዛው ነው የምትዞር። ምሥራቅ ተቀብላ አገላብጣ አየችው፣ በነጠላዋ ጠቀለለችው። ልትሄድ ስትል ነፋስ መጣና ሰንሰለቱን አንኳኳው። ወርቅአየሁ አፍራ ከንፈሯን ገጠመች።

ምሥራቅ ቆመች። ፊቷን አላዞረችም።

«ጠየቀሽ እኮ» አለች። «መልሽለት።»

«አልበረደም» አለች ወርቅአየሁ። «አትውጣ።»

ምሥራቅ ይህን ሰምታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ከዳንግላ ሰላምታ እንኳ አልላከችም፤ ወርቅአየሁም አልጠበቀችም። ያን ቀን የምሥራቅ ኮቴ እስኪጠፋ አዳመጠችና ተንበርክካ እጇን አፈሩ ላይ መለሰች። ሞቅ ይላል ገና።