አሥራ አንደኛው ደንብ

ባለፈው ሳምንት ከትውልድ ከተማዬ ከመሐል ሜዳ በሚኒባስ የተላከልኝን ጆንያ ስፈታ መጀመሪያ የወጣው ሽታ ነው፤ ዝናብ የነካው የበግ ጠጉር ሽታ፣ የእናቴ ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብሷ። ባናውን ስዘረጋው ከመሐሉ ሽፋኑ የተገነጠለ ደብተር ወደቀ፤ በደብተሩ ውስጥ ደግሞ ስድስት ጎኑ ላይ ከአንድ እስከ ስድስት በምላጭ የተቀረጸበት እርሳስ ነበር። እርሳሱን ይዤ አዲስ አበባ ከኮንዶሚኒየሙ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ያየኝ ሰው ቢኖር ጤና የለውም ይል ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ስምንተኛ ክፍል ሳለን ነው። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ተዛውረው ሲሄዱ አንድ የጨዋታ መጽሐፍ ጥለው ሄዱ፤ ተጫዋቾቹ ክብ ሠርተው ይቀመጡና እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ይሆናሉ፣ ዳኛው ዘንዶ መጣባችሁ ሲላቸው ምን እንደሚያደርጉ በቃል ይናገራሉ፣ የሚሳካውንና የማይሳካውን ሃያ ጎን ያለው፣ ቁጥር የተጻፈበት ዳይስ ተጥሎ ይለየዋል። እኛ እጅ ሲገባ ግማሹ ገጽ ለቆሎ መጠቅለያ ሆኖ አልቆ ነበርና የጎደለውን ደንብ ራሳችን መሥራት ያዝን፤ እኔ፣ ጎረቤታችን እታገኝ እና የወፍጮ ቤቱ ልጅ ደምሰው። ዳይስ ከየት ይምጣ፣ እርሳስ አንከባለልን። መጽሐፉ ጠንቋይ ያለውን፣ የቄስ ልጅ ነኝና አባቴ ቢሰሙ ጉዴ ይፈላል ብዬ ደብተራ አደረግሁት፤ በኋላ ሳስበው በዚህኛው የባሰ ይቆጡ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ቤት መደብ ላይ ይኸው ባና ይነጠፍና እጥፋቱ ተራራ፣ ሜዳው ጓሳ፣ የአገራችን የጋራ ሣር ምድር፣ ይሆናል። ጥሩ ጥሩዎቹን ደንቦች ያወጣችው እታገኝ ናት። ሣሩ እንዲያገግም ጓሳ ሲዘጋ ዘንዶም ቢሆን ሣር አይነካም የሚለው የእሷ ነው፤ የቆሰለ ጀግና ባልንጀራው ተሸክሞ ጠበል ካደረሰው ይነሣል የሚለውም የእሷ ነው። ጀግናዋን ጉምነሽ አለቻት፤ በነጭ ፈረስ ጉም ውስጥ የምትሄድ፣ መንገድ የማይጠፋት ሴት። ዳኛው እኔ ነበርኩ፣ ግን የሚሰማው እሷን ነበር። አንድ ቅዳሜ ደምሰው እንደ ዋዛ፣ "እስቲ ደግሞ እሷ ትዳኝ" ሲል ቆሽቴ አረረ።

ብዙም ሳይቆይ የእታገኝ እናት ታመሙ። ሌላ አስታማሚ ስላልነበራቸው እሷ ትምህርቷን ትታ ሦስት ሱባዔ ጠበል ይዛቸው ሄደች። በዚያው ሰሞን የእድራችን ጸሐፊ የነበሩት አባቴ ያረጀውን መተዳደሪያ ደንብ በአዲስ ወረቀት እንድገለብጥላቸው ሰጡኝ። ሦስት ጊዜ የቀረ አባል ይሰረዛል ይላል፤ ቀጥሎም ሐዘንተኛና አስታማሚ ግን አይቀጣም ይላል። የመጀመሪያውን ወስጄ ለጨዋታችን አሥራ አንደኛ ደንብ አደረግሁት፤ ሦስት ቅዳሜ የቀረ ተጫዋች ጀግናውን ጓሳ ላይ ውርጭ ይመታዋል፣ ጠበልም አያነሣውም ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛውን ተውኩት። ረስቼው አይደለም። እዚያ ስደርስ እጄ ቆመ፣ ዓረፍተ ነገሩን አየሁት፣ አራት ነጥብ አድርጌ ደብተሩን ዘጋሁ። ደምሰው እስኪስማማ ድረስም ዓይን ዓይኑን አየሁት።

በአራተኛው ቅዳሜ እታገኝ መጣች። ፊቷ በብርድ ተሰነጣጥቆ፣ ለእናቴ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዛ። እናቷ ትንሽ ሻል ብሏቸዋል አለችን፣ ከዚያ ቦታዋ ላይ ተቀምጣ እርሳሱን አነሣች። እኔም እንደ ሽማግሌ ጉሮሮዬን ጠራርጌ ደንቡን አነበብኩላት። ትጮኻለች ብዬ ነበር፣ ለክርክሩም ተዘጋጅቻለሁ። እሷ ግን፣ "ጉምነሽ ስትሞት ማን ነበር አብሯት?" አለችኝ።

ማንም አልኳት። እርሳሱን ባናው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ወር ሳይሞላ እናቷ አረፉ። ድንኳን ውስጥ ከአባቴ አጠገብ ተቀምጬ ቀና ብዬ አላየኋትም፤ ገጹን ግን ያን ዕለትም ቀድጄ አልጣልኩትም፣ ደብተሩን ከእናቴ ሣጥን ሥር ሸጎጥኩት። ለሁለት ጨዋታ አይሆንምና ቅዳሜያችንም በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ እታገኝ ደህና አድርጋ ሰላም ትለኛለች። ይቅርታ ያልጠየቅኳት ሰላምታዋ ስለተመቸኝ ነው፤ እንዲህ ስለው ራሴን ያሳፍረኛል።

አባቴ ካረፉ ቆዩ። እናቴ ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ አልጋ ላይ ናት። ሥራ በዛብኝ፣ ፈቃድ አልሰጡኝም እያልኩ ሄጄ ሳልጠይቃት ይኸው ፋሲካም አለፈ። ብርድ እንዳይመታህ ብላ ከላይዋ ገፍፋ ባናውን የላከችልኝ እሷ ናት፤ ደብተሩን መሐሉ ያደረገው ማን እንደሆነ አላወቅሁም። ብዕር አንሥቼ ከአራት ነጥቡ ቀጥዬ ሐዘንተኛና አስታማሚ አይቀጣም ብዬ ጻፍኩ። ሃያ ዓመት የዘገየ አንድ መስመር ነው። የቀረሁትን ቅዳሜ ልቆጥር ጀምሬ ተውኩት።

ከዚያ እናቴ ጋ ደወልኩ። ድምፅዋ ቀጥኗል። ሌላ የምለው ጠፍቶኝ፣ "ማን አለ አብሮሽ?" አልኳት።

"እታገኝ ናታ፣" አለች፣ "ሌላ ማን አለኝ።"