ሰባት ቤት በአባት በኩል

ደሴ ውስጥ ልጅ የሚድር ሰው የመህር፣ የጥሎሹን ነገር ከማንሳቱ በፊት ጋሽ መሕሙድን ያማክራል። ጋሽ መሕሙድ ፒያሳ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ እንጀራቸው ከጨርቅ ቢሆንም ክብራቸው ከሰው ዘር ነው። የቢስቲማውንም የኮምቦልቻውንም ሰው ሰባት ቤት ድረስ ይቆጥሩለታል፣ ያውም በአባቱ በኩል። መሐል ላይ አንድ ቆማጣ ወይም አንድ እብድ ካገኙ ጋብቻው አለቀለት። ስንቱን የተዋደደ እንዳለያዩ አላህ ይወቀው። የእናት ወገን ሲነሳባቸው ደግሞ፣ «ሴት በሰው ቤት እንግዳ ናት፤ ዘር አታመጣም» ብለው ይዘጉታል።

እኚሁ ዘር አጣሪ ታዲያ ቀይና አረንጓዴ አይለዩም። አረንጓዴ ሻሽ የጠየቀች ሴት ቀይ ሲዘረጉላት፣ ያልተሸጠ ዕቃ ሊያራግፉብኝ ነው ብላ ትከራከራቸዋለች እንጂ ዓይናቸውን የምትጠረጥር የለችም። ጨርቁን በየቀለሙ የሚደረድሩላቸው ሚስታቸው ራሂማ ናቸው። እሳቸው ግን፣ «የእናቴ ወንድምም እንዲሁ ነበር፤ ዓመል ነው» ይላሉ።

ልጃቸው ሱሀይላ የባዮሎጂ መምህርት ናት። የኮምቦልቻው ሂሻም ወደዳት፣ ወደደችው፣ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹን ይዘው የመጡት ሸህ ጀላል ነበሩ።

«ልጁ ጨዋ ነው» አሉ ጋሽ መሕሙድ። «ግን የአያቱ አባት ቆማጣ ነበሩ። ዘር አይካድም። ልጄን እዚያ ቤት አልሰጥም።»

ሱሀይላ በዚህ መሐል ሻይ ይዛ ገባች። ሴት ልጅ በራሷ ሽምግልና ላይ አፍ አትከፍትም፤ እሷ ግን ከፈተች።

«አባዬ፣ ሥጋ ደዌ በዘር አይመጣም። ባክቴሪያ ነው የሚያመጣው፤ ደግሞ በመድኃኒት ይድናል። በዘር የሚመጣ ከፈለጉ የእርስዎ ዓይን አለ።»

«የእኔ ዓይን ምን ሆነ?»

«ቀይና አረንጓዴ አይለይማ። ከእናትዎ ወገን የመጣ ነው፤ አጎትዎም ያገኙት ከዚያው ነው። ይህን ዘረመል ወንድ ከእናቱ አንድ ብቻ ነው የሚወርሰው፤ እሱ ከተበላሸ ሌላ መተኪያ የለውም። ሴት ግን አንድ ከእናቷ፣ አንድ ከአባቷ፣ ሁለት አላት፤ ደህናው የተበላሸውን ይሸፍንላታል። እኔ ቀለሙን ሁሉ አያለሁ፣ የእርስዎን ግን ይዣለሁ። ወንድ ልጅ ብወልድ፣ የመውረስና ያለመውረስ ዕድሉ እኩል ነው። በእርስዎ ሕግማ መዳር የሌለብኝ እኔ ነኝ።»

ሸህ ጀላል ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑና ኮስተር አሉ።

«እንዲህ ከሆነ እኛም ማጣራት አለብን። ጋሽ መሕሙድ፣ እስቲ በእናትዎ በኩል ሰባት ቤት ይቁጠሩልን።»

«እናቴ ሳፊያ... የሳፊያ እናት ደግሞ...» አሉና ቀሩ።

«ደከሙ እንዴ?» አሉ ራሂማ ከጓዳ። «ገና ሁለተኛው ቤት እኮ ነው።»

«በሉ እንግዲህ ቀጠሮ ይሰጠን» ብለው ሸህ ጀላል ተነሡ። «አጣርተን እንመለሳለን።»

ጋሽ መሕሙድ ይህችን ቃል ያውቋታል። ለስንቱ የሙሽራ አባት የተናገሯት ራሳቸው ናቸው፤ እንዲህ ብሎ የተመለሰ ሰው ደግሞ አይተው አያውቁም። የሸህ ጀላልን ጋቢ ይዘው፣

«ኧረ ይቀመጡ በአላህ! ዓይን ብቻ እኮ ነው፤ ሰው በዚህ ይሞታል እንዴ?» አሉ።

«የሂሻም ቅድመ አያትስ ነገር?» አሉ ሸህ ጀላል።

«በመድኃኒት ይድናል አለችዎ አይደል? እንዴት የተማረች ልጅ አይሰሙም?»

ለጋብቻው ምርቃት ፋቲሃ ተቀራ። ከሁሉም በላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አሚን» ያሉት ጋሽ መሕሙድ ነበሩ።