የእናት ስለት በልጅ ጉልበት

ዮሊማ ቅዳሴ ላይ አትንበረከክም። ሕዝቡ ግር ብሎ በጉልበቱ ሲወርድ እሷ ከኋላ፣ ከምሰሶው አጠገብ፣ እጇን አጣምራ ትቆማለች። አዲስ ቄስ በመጣ ቁጥር ዓይኑ እሷ ላይ ያርፋል። የመንደራችን ሰው ምላሱ አያርፍምና "ትዕቢት ነው" የሚል አይጠፋም። እሷ ግን ማስረዳት ከተወች ቆይታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሲሆናት በተራራማው አውራጃችን በቦያካ ዳገቶች ላይ እሷን የሚቀድም ሴት ብስክሌተኛ አልነበረም ማለት ይቻላል። አንድ እሑድ፣ ዝናብ ሲያካፋ፣ ናፍጣ የተንጠባጠበበት ቁልቁለት ኩርባ ላይ ጎማዋ ከዳት። የቀኝ ጉልበቷ ሎሚ ከሦስት ተሰበረ፤ የግራው ጅማት ተበጠሰ። ሐኪሞቹ አንዱን በሽቦ አሰሩት፣ ሌላውን ከራሷ ታፋ በወሰዱት ጅማት ቀጠሉት። "ትራመጃለሽ፣ ምናልባት" አሏት።

እናቷ ዶኛ ኤርሲሊያ የተሳሉት ያኔ ነው። ልጃቸው ገና ከማደንዘዣው ሳትነቃ፣ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆመው፣ "የቋጥኟ እመቤቴ፣ ልጄን በእግሯ ካቆምሽልኝ አርባ ስምንቱን ደረጃሽን በጉልበቷ ትወጣልሻለች" አሉ። በጉልበቷ! እንግዲህ ጉልበት እንዲድን በዚያው በተሰበረው ጉልበት መሳል ከእኛ ሰው በቀር የማን ጭንቅላት ያመጣዋል? እኛ ዘንድ ደህና ስለት ማለት ደረጃውን በጉልበት መውጣት ነው፤ ሻማ ማብራት የሰነፍ ነው። ዶኛ ኤርሲሊያም አፋቸው የለመደውን አሉ። ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበርና ሁለት ነርሶችና አንዲት ጎረቤት ሰሟቸው። ሰው የሰማው ስለት አይታጠፍም።

ዮሊማ ስትነቃ ተነገራት። እሺም እምቢም አላለችም። ጣሪያውን ነበር የምታየው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሃያ ዓመት የጓሮ ታሪክ ነው። እግሯን ያለማመደቻት ፊዚዮቴራፒስት ቁርጥ ያለ ነገር ነበር የነገረቻት፦ "ጉልበትሽን የሚሸከመው ታፋሽ ነው። ታፋሽ የሰነፈ ቀን ጉልበትሽ አለቀለት። እና ድንጋይ ላይ እንዳትንበረከኪ፣ ሽቦው ከተነቃነቀ መልሶ መቆም የለም።" ዮሊማ ይህን እንደ ጸሎት ያዘችው፤ ስለቱም በይደር ቀረ። በየማለዳው፣ ሁለቱን ላሞች ከማለቧ በፊት፣ አሮጌውን ብስክሌት ብረት ላይ ሰቅላ ባለበት ትነዳለች። ቀጥላ የጓሮውን አጥር ይዛ ቁጭ ብድግ ትላለች። በመጀመሪያው ዓመት የምትወርደው አንድ ስንዝር ነበር። በሦስተኛው ዓመት ሁለት ስንዝር። በአሥረኛው አጥሩን በአንድ ጣት ብቻ እየነካች እስከ ታች ትወርድ ጀመር። አርባ ጊዜ፣ በዝናብም፣ በውርጭም፣ በልደቷም ቀን። ዶሮዎቹ እንኳ ለምደዋት ከእግሯ ሥር አይሸሹም።

ዶን አቤላርዶ፣ ድሮ ያሠለጥናት የነበረውና አሁን ብስክሌት ጠጋኝ የሆነው ሽማግሌ፣ በዚያ ባለፈ ቁጥር ሳይለክፋት አይሄድም።

"አንቺ ልጅ፣ ዛሬ አጥሩን ነቅለሽ ልትሄጂ ነው?"

"አጥሩ ነው እኔን የያዘኝ፣ ዶን አቤላርዶ። እኔ አልያዝኩትም።"

"እንግዲያው አግቢው። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ የጠበቀሽ ማን አለ?"

ትስቃለች፣ አፏ ብቻ ነው የሚስቀው። ሰውነቷ ግን እውነትም ድንቅ ነው። በአርባ አንድ ዓመቷ አይቧን ብስክሌት ላይ ጭና አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ነድታ ለየሱቁ ታደርሳለች። አብረዋት ይወዳደሩ የነበሩት፣ ምንም ያልተሰበሩት፣ ቦርጫቸውን ታቅፈው በር ላይ ተቀምጠው ሰላም ይሏታል። ደስ ይላት እንደሆነ የጠየቃት የለም። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከግራ ጉልበቷ በታች መዳፍ የምታህል ቦታ ደንዝዛ ቀርታለች፤ ትኩስ ወተት ቢንጠባጠብባት እንኳ አታውቅም። አንዳንዴ ያቺ ቦታ ቀስ በቀስ ወደ ላይ የወጣች ይመስላታል። አባቷ ሲቀበር ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሷ የሬሳ ሣጥኑን ብሎኖች ትቆጥር ነበር።

ዘንድሮ የዶኛ ኤርሲሊያ ልብ ደከመ። ሐኪሙ ጠዋትና ማታ የሚዋጥ ክኒን ሰጣቸው። እሳቸው ግን ሕመማቸውን ከሐኪሙ በላይ ያውቁታል። አንድ ጠዋት የወተትና የእንቁላል ሾርባቸውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።

"ክኒኑን ዋጡ፣ እማዬ?"

"አልዋጥኩም።"

"ምነው?"

"ልቤ ደህና ነው። የሚያንቀኝ ያላደረስኩት ስለት ነው። እሱ እስኪደርስ ክኒን የሚባል አፌ አይገባም።"

"ፊዚዮቴራፒስቷ ያለችውን ያውቃሉ አይደል?"

"ያቆመችሽ እሷ ናት?"

ዮሊማ በመስኮቱ የጓሮውን አጥር አየች። ሳህኑን አነሳች። ዶኛ ኤርሲሊያ ቢያስፈራሩ የማይፈጽሙ ሴት አይደሉም፤ ባላቸው አንድ ጊዜ ሰክሮ መጣ ብለው ዓመት ሙሉ አላነጋገሩትም። በሦስተኛው ቀን ከአልጋ እስከ በር ለመድረስ ሁለቴ ቆመው ተነፈሱ፣ ከንፈራቸውም ጠቆረ። ዮሊማ ከበሩ ሥር ቆማ አየቻቸው።

"ነገ እንሂድ" አለች፣ ገበያ እንሂድ እንደሚባለው።

በመኪናው የወሰዳቸው ዶን አቤላርዶ ነው። ዶኛ ኤርሲሊያ እስኪሳፈሩ ጠብቆ ዮሊማን ወደ ጎን ሳባት።

"አብደሻል? ሃያ ዓመት የገነባሽውን በአንድ ጠዋት ልታፈርሽው?"

"ክኒናቸውን ይዋጡ እንጂ ይፍረስ።"

"ይፍረስ ትያለሽ? እንዲህ አፍሽን ሞልተሽ?"

"ምን ልበል ታዲያ?"

እሱም ወደ መኪናው ገባ። መሪውን ጨብጦ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን እስካለበት ቋጥኝ ድረስ ነዳ።

ደረጃው የተጠረበ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ጠርዙ ከሰው ጉልበት ብዛት የተበላ። ልማዱ የታወቀ ነው፦ ተሳዩ በጉልበቱ ይወጣል፤ አብሮት የመጣ ሰው ሩዋናውን፣ ያንን ወፍራም የሱፍ ካባ፣ ከፊቱ ያነጥፍለታል፤ ሲያልፍ ከኋላ አንስቶ ወደፊት ያነጥፋል። ዶኛ ኤርሲሊያ ሁለት ሩዋና ይዘው ነበር፣ የራሳቸውንና የሟች ባላቸውን። የመጀመሪያውን ደረጃ አለበሱትና ልጃቸውን ተመለከቷት።

ዮሊማ ወረደች። ከሃያ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንበረከከች። ግራው ምንም አላለም። ቀኙ ግን ከሱፉ በታች ያለውን ድንጋይ ወዲያው አገኘው። ሁለተኛው ደረጃ፣ ሦስተኛው። ከኋላዋ የእናቷ ትንፋሽ እየተቆራረጠ ይሰማታል፤ ሩዋናውን ለማንሳት ባጎነበሱ ቁጥር ያቃስታሉ። አሥረኛው ላይ ቀኝ ጉልበቷ ውስጥ የሆነ ነገር ሲፋቅ ተሰማት። አሥራ ሁለተኛው ላይ ታፋዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስለ እመቤታችን ለማሰብ ሞከረች፣ የመጣላት ግን ነገ ማለዳ ነው። ነገ ማለዳ ወደ ጓሮ ወጥታ አጥሩ ሥር መውረድ ብትፈልግና ባትችልስ? ፈራች። ከስንት ጊዜ በኋላ፣ በትክክል ፈራች።

"እማዬ፣ በቃኝ።"

"ሠላሳ ስድስት ይቀራል።"

"አውቃለሁ። ነገ መራመድ አለብኝ።"

ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። ከታች ያሉ ተሳዮች ቀና ብለው አዩአት። ዶኛ ኤርሲሊያ ሩዋናውን ደረታቸው ላይ ታቅፈው ቆመው ቀሩ። ልጃቸውን አዩ፣ ደረጃውን አዩ። ከዚያም ሩዋናውን መሬት ላይ ጣል አድርገው፣ "እመቤቴ፣ በሰው ጉልበት ነበር የተሳልኩት" እያሉ፣ ሰባ ሁለት ዓመት የተሸከሟቸውን ጉልበቶች አንድ በአንድ አወረዱበት።

"እማዬ፣ ልብዎ!"

"አንጥፊ።"

"ክኒኑ የታለ?"

"ኪሴ ውስጥ። ላይ ስደርስ እውጣለሁ።"

"አሁን ይዋጡ። አለዚያ አላነጥፍም።"

ዶኛ ኤርሲሊያ እንደ ክፉ ጎረቤት ገላመጧት። ዮሊማ እጇን አጣምራ ቆመች፤ ቅዳሴ ላይ እንደምትቆመው። ከኋላቸው ሰው እየተጠራቀመ ነው፤ አንዷ "ኧረ ይዋጡላት፣ ፀሐይ ፈጀን እኮ" አለች። ዶኛ ኤርሲሊያ ክኒኑን ከኪሳቸው አውጥተው ያለ ውሃ ዋጡ።

ዮሊማ አነጠፈች። ለማንጠፍ እስከ ታች መውረድ፣ ከኋላ አንስቶ መነሳት፣ ሁለት ደረጃ መውጣት፣ እንደገና መውረድ። በጣቷ እየነካች የምትወርደው አጥር እዚህ የለም። ቀኙ ያማታል፣ ግን ታፋዋ ያዛት። ሃያኛው ላይ ልብሷ በላብ ራሰ። አንድ ጎልማሳ "ልተካሽ፣ እመቤት?" አላት፤ "እኔው ነኝ" አለችው። እናትየው በየአምስት ደረጃው ያርፋሉ፤ ሲያርፉ ደግሞ ሌላ የሚያዩት ስለሌለ ልጃቸው ስትወርድና ስትነሳ ያያሉ።

"ጓሮ ውስጥ የምትሠሪው ይህን ነው?"

"ይህን ነው።"

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ።"

"እኔ እኮ የብስክሌቱ ነገር አልወጣልሽ ብሎ የምትጫወቺ ይመስለኝ ነበር" አሉ።

አርባ ስምንተኛው ላይ ሲደርሱ ዶኛ ኤርሲሊያ ዞረው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ወደ ውስጥ አልገቡም። ጉልበታቸው ተልጦ ይደማ ነበር። ዮሊማ ከእግራቸው ሥር ወርዳ መሐረቧን በውሃ እያራሰች ጠረገችላቸው፣ ከዳር ወደ መሀል፣ ራሷን ስታክም እንደለመደችው።

"ያን ቀን" አሉ ዶኛ ኤርሲሊያ፣ "ኮሪደሩ ላይ። እመቤቴን ለመንኩ እንጂ አንቺን አልጠየቅኩሽም።"

ዮሊማ መሐረቡን ጨመቀችው። ይህን ቃል ሃያ ዓመት ጠብቃለች። ሲመጣ ውስጧ የተቋጠረው ነገር የሚፈታ ይመስላት ነበር። መጣ፤ ምንም አልተፈታም።

"ቢጠይቁኝ እሺ እል ነበር፣ እማዬ" አለች። "ያኔ ምንም ቢሉኝ እሺ እል ነበር።"

ዶኛ ኤርሲሊያ ፊታቸውን በሩዋናው ሸፍነው አለቀሱ። ዮሊማ ጠብቃ፣ ሲበቃቸው እጃቸውን ይዛ አስነሳቻቸው። ለተጎዳ ጉልበት ቁልቁለት ከዳገት ይብሳል፣ አሁን ደግሞ የተጎዳው ጉልበት አራት ሆኗል። አንዳቸው የሌላቸውን ክንድ ይዘው፣ ወደ ጎን፣ አንድ አንድ ደረጃ ወረዱ። ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው።