እናቴና የሚነዝረው ቦይለር

እናቴ ጉልበቷን ልትታከም ከሀገር ቤት መጥታ እኛ ጋ ስትቀመጥ፣ ትልቁ ጭንቀቴ ብርዱ ነበር። የምንኖረው የካ ሚካኤል አካባቢ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ አጥንት ይሰብራል። ደግነቱ የተከራየነው ቤት ቦይለር አለው። «በቃ እማዬ፣ እዚህ ቤት ቀዝቃዛ ውሃ አትነኪም» አልኳት። እኔ ስናገር እንዲህ ነኝ፤ ፍቅሬም ትእዛዝ ይመስላል።

ቦይለሩ አንድ ጠባይ ነበረው፤ ይነዝራል። ለሰፈራችን ሰው ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። «ትንሽ ነው የሚነዝረው፣ የላስቲክ ጫማ አድርጊ» ይሉሻል፣ ወጡ ትንሽ ጨው በዝቶበታል እንደማለት። እኛም ልንታጠብ የምንገባው ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፍተን ነበር። ለእናቴም ደጋግሜ ነገርኳት፤ «እሺ» አለችኝ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ታጥባ ስትወጣ ፊቷ ወዝቷል። ዞር ብዬ ባይ ማብሪያው ላይ ያለችው ቀይ መብራት በርታለች።

«እማዬ! ሳታጠፊው ነው እንዴ የታጠብሽው?»

«ካጠፋሁትማ ምን ይሠራልኛል?» አለች ፀጉሯን እያደረቀች። «ቧንቧውን ስይዘው እስከ ጉልበቴ ድረስ ንዝር ያደርገኛል። እንደ ጸበል ነው ልጄ፣ ቁርጥማቱን ነቅሎ ነው የሚያወጣው። ጫማውንም አውልቄዋለሁ፤ ንዝረቱን ይከለክላል።»

ጫማውንም አውልቄዋለሁ! ወይ ጉድ! አልጋው ጠርዝ ላይ ዘፍ አልኩና «ኧረ እማዬ፣ ልትሞቺብኝ ነው!» ብዬ ጮህኩ። እሷ እቴ! «ሟርተኛ፣ አፍሽን ዝጊ» ብላኝ እግሯን እያጠፈች እየዘረጋች አሳየችኝ።

ወዲያው ቆጣሪው ጋ ሄጄ ብሬከሩን አወረድኩት። ሾላ ገበያ አጠገብ የሚሠራ ኤሌክትሪሺያን ጠራሁ፤ ከሰዓት መጣ። ሽፋኑን በካቻቪቴ ፈትቶ አሳየኝ። ወደ መሬት መውረድ የነበረበት ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ተጠቅልሎ በፕላስተር ታስሯል። ውሃውን የሚያሞቀው ብረትም ተበልቶ ኤሌክትሪኩን ያፈሳል። ብረቱን ቀየረ፤ ከደጅ የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ቀብሮ ሽቦውን ከእሱ ጋር አገናኘ፤ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በራሱ የሚዘጋ ብሬከርም ገጠመ። በመጨረሻ የብሬከሩን መሞከሪያ ተጫነ፤ ቀጭ ብሎ ጠፋ። ያን ድምፅ እንዴት እንደወደድኩት!

እናቴ በረንዳ ላይ ሆና «መድኃኒቴን ሊወስዱብኝ ነው» እያለች ታጉረመርማለች። ኤሌክትሪሺያኑ «እማማ፣ ይሄ እኮ ሰው ይገድላል» ቢላት፣ «ይሄን ያህል ጊዜ ታጠብኩበት፤ ገደለኝ?» አለችው። ሳቁን ዋጠ።

በማግስቱ ታጥባ ወጣች። ማኩረፏ ከሩቅ ያስታውቃል።

«ገደላችሁት አይደል?»

«አዎ፣ ገደልነው። ተመስገን በይ።»

«ውሃ ብቻ ሆነ። እንግዲህ ይሄን ጉልበት ማን ያሽልኝ?»

ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ተውኩት። ቅባት አመጣሁና ወለሉ ላይ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። ገላዋ ገና አልበረደም፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ትናንት እዚያ እርጥብ ወለል ላይ ወድቃ ባገኛት ኖሮስ ብዬ ሳስብ እንባዬ መጣ። በሕይወት አለችልኝ። አንገቴን ደፍቼ ማሸቴን ቀጠልኩ።

«ጠበቅ አድርጊው» አለች።

ጠበቅ አደረግኩት። ዓይኗን ጨፈነች፤ እንቅልፍ የወሰዳት መስሎኝ ነበር።

«ይሁን እንግዲህ» አለች፣ «ከቦይለሩ ትሻያለሽ።»