አያ ድልነሳሁን የቋጠርኩበት ነጠላ

ልጅ እያለሁ አንድ ትልቅ ሰው ከነጠላዬ ጫፍ ጋር ቋጥሬ መንገድ ላይ አቁሜ አውቃለሁ። ይህን ስናገር ልጆቼ "እማዬ ደግሞ ተረቷን ጀመረች" ይሉኛል። ተረት አይደለም፤ ማርያምን እውነት ነው! በጃንሆይ ዘመን በጋይንት ደጋ ያደጋችሁ እኩዮቼ ነገሩን ታውቁታላችሁ። የማታውቁትም ስሙኝ፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የማወራችሁ።

መንደራችን ከንፋስ መውጫ ወረድ ብሎ ነበር። የአገሩን ነፋስ የማያውቅ ሰው ስሙ ለምን እንደወጣለት አይገባውም፤ ጠዋት ከቤት ስንወጣ ነጠላችንን ሊነጥቀን ይታገለን ነበር። በበዓል ቀን ልጆች ሜዳ ላይ ስንሰበሰብ ከጨዋታው ሁሉ የምወደው የሙግቱን ነበር። አንዱ ከሳሽ፣ አንዱ ተከሳሽ፣ አንዱ ዳኛ ይሆናል። ከሳሽ "በሕግ አምላክ!" ብሎ ሲጮህ ተከሳሽ ከቆመበት ንቅንቅ አይልም፤ ከዚያ የሁለቱ ልብስ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል። ቁራኛ ማለት ይሄ ነው። ቋጠሮውን የሚፈታው የፈረደው ዳኛ ብቻ ነው፤ ከተሟጋቾቹ ቀድሞ የነካው እንደተረታ ይቆጠራል።

ይህን ከትልልቆቹ ነው የቀዳነው። ዳኛ ሩቅ ሲሆን ተሟጋቾቹ እንደተቋጠሩ መንገድ ዳር ይቆሙና መጀመሪያ የመጣውን መንገደኛ "ፍረድ" ይሉታል፤ መንገደኛውም ቢቸኩል እንኳ ቁጭ ብሎ ይፈርዳል። በኔ ልጅነት ነገሩ እየቀረ ነበር፤ አያ ድልነሳሁ ግን አላስቀሩትም። ከወዲያኛው ጎጥ የሚኖሩ፣ ማሳቸው ሰፊ፣ ጋቢያቸው ወፍራም፣ ሙግት እንደ ማር የሚጥማቸው ሰው ነበሩ። በጋቢያቸው ጫፍ ያልቋጠሩት ጎረቤት የለም ይባላል። እኛም የሳቸውን ሙግቶች አንድ በአንድ እየተጫወትን ማን ከሰሳቸው፣ ማን ፈረደላቸው፣ ሁሉን በቃል እናውቀው ነበር።

ትምህርት ቤት የገባሁት በመምሬ ተገኘ ነው። የነፍስ አባታችን ነበሩ፤ አባየን "ልጅቱ ዳዊት ብትደግምልህ ምን ይጎድልብሃል?" አሉት። አባየም ራሱን አከከና "እሽ፣ እስክታድግ ትሂድ" አለ። "እስክታድግ" የምትለዋን ያኔ ልብ አላልኳትም። የክፍላችን ሴቶች በጣት የምንቆጠር ነበርን። አዲስ የተላገ የባሕር ዛፍ ሽታ፣ የጠመኔ ብናኝ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መምህሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያስተምር፣ አሁንም ዓይኔን ስጨፍን ይመጣብኛል። እማየ ፊደል አትለይም፤ ግን ማለዳ ማለዳ የገብስ ቆሎ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥራ "ሒጅ፣ እንዳትዘገይ" ትለኝ ነበር። መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ሽማግሌዎች ደግሞ "ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ" ይሉኛል። ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ባጠገባቸው አልፋለሁ፤ ውስጤ ግን ይነዳል። ይኸው እስካሁን ይህን ተረት የሚተርት ሰው ቢያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል።

አራተኛ ክፍል ሆኜ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ እማየ ጠላ ስትጠምቅ ደረስኩ። "ምን ድግስ አለ?" አልኳት። ጋኑ ላይ አጎነበሰች። መልሱን የሰጠኝ አባየ ነው፤ እሑድ የአያ ድልነሳሁ ሽማግሌዎች ለልጃቸው እኔን ሊጠይቁ ይመጣሉ፣ እሱም ቃሉን ሰጥቷል። ትምህርቱም እዚያው ላይ ያበቃል። ልጁን አንዴ ገበያ አይቼዋለሁ፤ እሱም አፍንጫውን በወጉ የማይጠርግ ልጅ ነበር። አለቀስኩ፣ እግሩ ሥር ወደቅሁ። "የአያ ድልነሳሁን ቤት ማን ይንቃል? ዕድለኛ ነሽ" አለኝ። እማየ ጀርባዋን ሰጥታን እንስራዋን ታጥናለች። እሷም ተባበረችብኝ ብዬ ልቤ ቁርጥ አለ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። ሽማግሌ መላክ ይበቃ ነበር፤ አያ ድልነሳሁ ግን ጉዳያቸውን ለሰው አፍ የሚተዉ አይደሉምና ራሳቸው መጥተው መደቡ ላይ ተንሰራፉ። መምሬ ተገኘም ነበሩ። እኔ እጅ እንዳስታጥብ ታዘዝኩ። አያ ድልነሳሁ ታጥበው እጃቸውን ሲያራግፉ የጋቢያቸው ጫፍ መሬት ነካ። ጎንበስ ስል ላነሳላቸው መስሏቸው "ተባረኪ የኔ ልጅ፣ እደጊ፣ ተመንደጊ" አሉኝ። ምርቃታቸውን ሳይጨርሱ የነጠላዬን ጫፍ ከጋቢያቸው ጋር ደርቤ ቋጠርኩና ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

"በሕግ አምላክ!"

አባየ ዱላውን አንስቶ "ምን አልሽ አንች?" ብሎ ተነሳ። አፌ ግን አልመለስ አለ። "አያ ድልነሳሁ ላይ ክስ አለኝ። ከትምህርቴ ሊያስቀሩኝ ነው" አልኩ።

መምሬ ተገኘ እጃቸውን ዘርግተው "ተው አንተ! ሕግ በተጠራበት ቤት ዱላ አይነሳም" አሉት። አባየ ዱላውን ጥሎ ወደ ቋጠሮው ሲመጣ ደግሞ አያ ድልነሳሁ ራሳቸው ጮኹበት፦ "እንዳትነካ! ባንተ እጅ ልታስረታኝ ነው? እኔ በዕድሜዬ ቋጠሮ ፈትቼ አላውቅም፤ በዚች እንጭጭ ልጀምር? መንገድ እንውጣ፣ መንገደኛ ይፍረደን። በአንድ ቃል ነው የምረታት።"

ወጣን። እሳቸው ይራመዳሉ፣ እኔ ከጎናቸው እሮጣለሁ። ወሬው ከኛ ቀድሞ ነበርና መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ "አያ ድልነሳሁ ታሰሩ! ኧረ ጉድ በሉ!" ይላሉ። እሳቸው ፈገግ እንዳሉ ናቸው። እኔ ግን መንገድ ዳር ስንቆም ፈራሁ። መንገደኛ ሲመጣ መቼም ወንድ ነው፤ ወንድ ከሆነ ደግሞ ያችኑ የተለመደች ተረት ተርቶ ይፈርድብኛል፣ ከዚያ በገዛ ሙግቴ ተረትቼ እዳራለሁ። ነፋሱ ቋጠሮውን ያወዛውዘዋል። ቀኑ ሰንበት ስለሆነ ገበያተኛም የለም።

ከመንገዱ መታጠፊያ አንዲት ሴት እንስራ አዝላ ብቅ አለች። እየቀረበች ስትመጣ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። እማየ ናት! ሁላችን በፊት ለፊት በር ስንወጣ እሷ በጓሮ ወጥታ፣ በገደሉ ዞራ፣ ከላይ መጣች። ውሃ የቀዳች ትመስላለች፤ እንስራው ግን ባዶ እንደነበር ከአረማመዷ አውቄዋለሁ። አጠገባችን ደርሳ እንደ እንግዳ እጅ ነሳችና "እንዴት ዋላችሁ? መንገደኛ ነኝ። ምን ሆናችሁ?" አለች።

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። አያ ድልነሳሁ ግን ፈገግታቸው ጠፋ። "ይህማ አይሆንም! ሴት ናት፤ ደግሞ እናቷ ናት፣ ታዳላለች" አሉ። አፌ ቀደመኝ፦ "አያ፣ የግራሩን ድንበር የተሟገቱ ዕለት መንገደኛ ሆኖ የፈረደልዎ የሚስትዎ ወንድም አልነበረም?" አልኳቸው። ከሕዝቡ ውስጥ "እውነቷን ነው! ልክ ናት!" የሚል ድምፅ ተሰማ። መምሬ ተገኘም ጺማቸውን እየዳበሱ "ደንቡ መንገደኛ ነው የሚለው። ወንድ መንገደኛ ሲል እኔ አልሰማሁም" አሉ።

እማየ እንስራዋን አውርዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሁለታችንንም አናገረችን፤ እሳቸውን አስቀድማ፣ በክብር፣ እስኪጨርሱ። ከዚያ እንዲህ አለች፦

"እኔ ወደዚህ አገር የመጣሁት በሰው ጀርባ ታዝዬ ነው። የወተት ጥርሴ ተነቅሎ አላለቀም ነበር። የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔም በሕግ አምላክ ማለት እንደሚቻል አላውቅም፤ ሕግ የወንድ ይመስለኝ ነበር። ይቺ ግን አወቀች። ያወቀን ሰው እንዳላወቀ አታደርጉትም። ትምህርቷን እስክትጨርስ ማንም አይነካትም ብዬ ፈርጃለሁ። ልጅዎ ከፈለገ ይጠብቅ፣ ካልፈለገ ሴት በአገሩ ሞልቷል። ፍርዱ ካልጣመዎት ይግባኝ ይበሉ።"

አያ ድልነሳሁ ቋጠሮውን አዩት፣ ሕዝቡን አዩት። ነጠላዬ ያረጀች ነበረች፤ ቢስቧት በአንዴ ትቀደድላቸው ነበር። አልሳቡም። "ስንቱን አስሬ ቆሎ በምትቋጥር ልጅ ልታሰር!" አሉና ድንገት ሳቃቸው መጣ። "ተረትቻለሁ። ፍቺን እንግዲህ ዳኛ።" እማየ በጥርሷ ፈታችን። ደርቤ ስለነበር ብዙ ታገላት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ማር ነበር አልላችሁም። አባየ ዐቢይ ጾምን ሙሉ እማየን አላናገራትም፤ ምግቡን እንኳ ከኔ እጅ ነበር የሚቀበል። እሷ ግን "ይኩረፍ፣ ኩርፊያ አጥንት አይሰብር" እያለች ቆሎዬን መቋጠር አላቋረጠችም። ምንጭ ስትወርድ "ዳኛዋ መጣች" የሚሏት ነበሩ፤ እያደር እነዚያው ሴቶች ጠባቸውን ይዘውላት ይመጡ ጀመር። አያ ድልነሳሁም በመስከረም የገዛ ልጃቸውን፣ ሴቷን፣ ትምህርት ቤት አስገቡ። ለምን ብለው ሲጠይቋቸው "ለሙግት ትሆነኛለች" አሉ አሉ።

እኔ መምህር ሆንኩ። ስመረቅ እማየ ንፋስ መውጫ ድረስ በእግሯ ወጥታ፣ ከዚያ ተሳፍራ እኔ ዘንድ ደርሳ፣ አንገቷ ላይ ያለውን አዲስ ነጠላ ደርባልኝ ተመለሰች። አሁን ጡረታ ወጥቼ እዚያው ንፋስ መውጫ ከተማ እኖራለሁ። ማለዳ ሴቶች ልጆች ደንብ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ባጃጁን እየተጋፉ፣ መንገዱን ሞልተው ሲያልፉ ደጄ ላይ ወንበር አውጥቼ አያቸዋለሁ፤ ነፋሱ ያው ነው፣ ልጆቹ ግን በዙ። ደስ ይለኛል። እኩዮቼ "ድሮ ቀረ፣ ድሮ ፍቅር ነበር" ሲሉኝ ግን አልወድም። ፍቅርስ ነበር፤ የወተት ጥርስ ያላት ሙሽራ በሰው ጀርባ የምትታዘልበትም ድሮ ያው ነው። እሱ ደግሞ ጨርሶ አልቀረም።

ባለፈው ሰሞን አንዲት የጎረቤት ልጅ፣ ከገጠር መጥታ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ደጄ ላይ ቆመች። "እትዬ፣ ለፋሲካ ስሄድ ሊድሩኝ ነው። ለሰው አይንገሩብኝ" አለችኝ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ። ዛሬ ሕጉ ተጽፏል፣ የሴቶችና ሕፃናት ቢሮውም እዚሁ ነው፤ ልጅቷ ግን ብቻዋን መሄድ ፈርታለች። እግሬ እንደ ድሮው አይደለም። ቢሆንም ከወንበሬ ተነሳሁ፣ የእማየን ነጠላ አጣፋሁና ጫፉን ዘረጋሁላት።

"ቋጥሪ" አልኳት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። ከዚያ የራሷን ነጠላ አወጣችና ቋጠረች፤ ደርባ። ተያይዘን ወደ ቢሮው ሄድን።