በሰለለ ድምፅ ያስተማርኩበት ዓመት

ዛሬ በየወሩ በምቀበለው ጡረታ ላይ የአንድ ክፍል ልጆች እጅ አለበት።

ስድሳ ዓመት ሲሞላኝ መርሳ ከተማ ላይ ሒሳብ ማስተማሬን ለመተው ቸኩዬ ነበር። ጉሮሮዬ አልቋል። ጠዋት ደህና የነበረው ድምፄ ረፋድ ላይ ይሰልላል፤ ሐኪሙም "ይረፉ" ብሎኛል። የጡረታ ጉዳዬን ልጀምር ብሄድ የሰው ሀብት ሠራተኛዋ ሳቀችብኝ።

"ጋሼ፣ ስንቱን ልጅ አማካይ ሲያስተምሩ ኖረው የራስዎን ረሱት?"

እውነቷን ነው። ጡረታ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው፤ እኔ ደግሞ የደረጃ እድገት ካገኘሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነበር። ያኔ ብወጣ አንዱ ዓመት በድሮው ደመወዝ ተይዞ አማካዩን ወደ ታች ይጎትተዋል። አንድ ዓመት ብጨምር ግን ሦስቱም በአዲሱ ይያዛሉ፤ የአገልግሎት ዘመኔም ይጨምራል። ልዩነቱ ዕድሜ ልክ የሚከተል ነው፤ እኔና ባለቤቴ ደግሞ ሌላ ገቢ የለንም። የሒሳብ መምህር ስለጠፋ የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ተፈቀደልኝ። የቀረው ጉሮሮዬ ነበር።

መስከረም ላይ ለልጆቹ እውነቱን ነገርኳቸው። "ድምፄ እስከ ሰኔ ካልደረሰ እኔም አልደርስም" አልኳቸው። ሌላ የጠየቅሁት ነገር የለም።

ከማግስቱ ጀምሮ ክፍሉ ጸጥ አለ። በሹክሹክታ ሳስረዳ የኋላው ረድፍ ሳይቀር ይሰማኛል። መጀመሪያ አንድ ተንኮል ጠንስሰዋል ብዬ ጠረጠርኩ፤ ስንት ዓመት ያስተማረ ሰው የተማሪን ዝምታ አያምንም። ጥርጣሬዬን ያጠፋልኝ ወደ ወልድያ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ ያገኘሁት የአንዷ ተማሪዬ አባት፣ የሀብሩ ወረዳ ገበሬ ነው።

"መምህር፣ አብሽሩ። ልጂቱ እኛንም ዝም አሰኘችን እኮ። 'የመምህራችን ድምጥ እንዳያልቅ ዝምታ እየተለማመድን ነው' ብላ ራታችን በሹክሹክታ ሆኗል። አላህ ያሽርዎ።"

ሲሪንቃ እስክንደርስ ወደ መስኮቱ ዞሬ እንባዬን ዋጥኩ። እነዚህን ልጆች መጠርጠሬ አሳፈረኝ።

ሰኔ ደረሰ። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላመሰግናቸው አፌን ስከፍት ምንም አልወጣም። ገባቸው። አንድ በአንድ እጄን እየጨበጡ በጸጥታ ወጡ።

ግቢው መሃል ሲደርሱ ጮኹ። እልል የሚለው፣ የሚያፏጨው፣ የሚዘፍነው ተደባለቀ፤ ርዕሰ መምህሩ ደንግጦ ከቢሮው ወጣ። እኔ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ሰማሁ። ለካ ዓመቱን ሙሉ ለእኔ ሲሉ አፍነው የያዙት ይህን ሁሉ ኖሯል።